በሰው አገር ያሳለፍናቸው ሰንበቶች

ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚማር የእኅታችን ልጅ በየሳምንቱ ፎቶግራፍ ይልክልናል። ቅዳሜ በባቡር ወደ አንድ ከተማ፣ እሑድ በጀልባ ወደ አንድ ደሴት ሲሄድ እናየዋለን። ባለፈው ሰሞን ቤተሰቡ ፎቶግራፉን እየተቀባበለ ሲደነቅ ቆይቶ፣ ከልጆቹ አንዱ «እርስዎስ በተማሪነትዎ ጊዜ ወዴት ይሄዱ ነበር?» ሲል ጠየቀን። «ይፋግ» ብለን ብንመልስለት ሁሉም ሣቁ።

ይሣቁ እንጂ፣ ከሞጣ ገጠር ተነሥቶ ዓባይን ለተሻገረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በጌምድር ባሕር ማዶ ነበረ። ቋንቋው አንድ ቢሆንም የአባትን ስም ቢጠሩ የሚያውቅ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ በባሕርዩ ከአገር የሚያስወጣ ነው። ቅኔ የሚሻ ወደ ጎጃም፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ ድጓ የሚያስመሰክርም ጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተልሔም ይጓዛል። እኛም በ1987 ዓ.ም. ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን የወጣነው ቤተልሔም ለመድረስ ነበር። ለእናታችን ግን አልነገርናቸውም። ብንነግራቸው እንደማይለቁን እናውቅ ነበርና በሌሊት ወጣን። መንገድ ላይ ስለ አንድ የጾመ ድጓ መምህር ሰምተን ይፋግ ቀረን፤ ቆይታችንም ሁለት ዓመት ሆነ።

ይፋግ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ብዙ ሳትርቅ፣ ተራራውና ሜዳው በሚገናኙበት ስፍራ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ ልብ አይላት ይሆናል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በስተ ምሥራቅ ደጋው ይነሣል፤ በስተ ደቡብ ከጉና ተራራ የሚወርደው ርብ ፎገራን አቋርጦ ወደ ጣና ይገባል። በክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ የለመደውም ስለዚህ ነው።

የቀለሙ ሥራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነበረ። ዓርብ ከቀትር በኋላ እንጨት እንለቅማለን፤ ልብሳችንንም እናጥባለን። ቅዳሜ ቀለም ስለሌለ፣ የሰንበቱ የቅዳሴ ተራ የእኛ ካልሆነ፣ መንደር ለመንደር እየዞርን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል እንውላለን። የውሻውን ነገር ባናነሣው ይሻላል። የእኅታችን ልጅ ጣቢያ ሲጠባበቅ እንደሚውል፣ እኛም የባለቤትን ድምፅ ስንጠባበቅ ብዙ በር ላይ ቆመናል።

ከከተማይቱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ጣና በስተ ምዕራብ ሲያበራ ይታያል። ያን ውኃ በእጃችን ሳንነካ አንቀርም ብለን ከአንድ የላስታ ልጅ ጋር ተማከርን። የኔታ «ውላችሁ ግቡ፤ ሜዳ ላይ አትደሩ» ይሉ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ ሌሊት ከረግረጉ የሚነሣ ክፉ ነፋስ አለ ይሉናል። እኛ ግን ከሰው ቤት ቁራሽ ብቻ ሳይሆን እራትም እንዳናገኝ የሚከለክሉን ይመስለን ነበር።

ኅዳር 1 ቀን 1988 ዓ.ም. ቅዳሜ በማለዳ ወረድን። ሩዙ ቢጫ ሆኖ፣ ከብቱ ከሣሩ ውስጥ ቀንዱ ብቻ እየታየ፣ ጭቃው እግር እየያዘ ከቀትር በኋላ ባሕሩ ዳር ደረስን። የደንገል ታንኳ የሚገፉ ሰዎች አየን፤ ውኃውንም ነካን፤ ጠጣንም። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ለመመለስ ብናስብ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ባልንጀራችን «በጨረቃም ቢሆን እንሂድ» አለ፤ እንደር ያልነው እኛ ነን።

ያሳደሩን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ጾመ ነቢያት ገና ስላልገባ፣ ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ ከወተት ጋር አቀረቡልን። በልተን ስንጨርስ ወደ እኛ ዘወር ብለው «አንተ ልጅ፣ እናትህ በሕይወት አለች?» አሉን። «አሉ፣ እመይ» አልን። «የት እንዳለህስ ታውቃለች?» ዝም አልን። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም፤ እሳቱን ቆስቁሰው ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኛም ፈጥነን ከምድጃው አጠገብ፣ ጢሱ ውስጥ ተኛን፤ ለባልንጀራችን የቀረው ከበሩ ሥር ያለው መደብ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቢምቢ እየገደለ ሲያጨበጭብ ሰምተን ሥቀንበታል።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሌሊት፣ ማኅሌት ቆመን ሳለ፣ መቋሚያው ከእጁ ወደቀ። ብርድ የያዘው መስሎን ጋቢ አለበስነው፤ ጥርሱ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያም ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። በማግሥቱ ሰው መለየት ተሳነው። ዛሬ የሳይንስ ክፍል ውስጥ ቆመን ስለ ወባ ስናስተምር፣ ትንኟ ከነደፈችበት ሌሊት እስከ ትኩሳቱ ድረስ ተውሳኩ በጉበት ውስጥ ቆይቶ እንደሚራባ ለተማሪዎቻችን እንነግራለን፤ ዐሥራ አንዱን ቀንም በጣታችን እንቆጥራለን። የየኔታ ምክንያት ስሕተት ነበር፤ ምክራቸው ግን ትክክል ነበር። እኛ ምክንያቱን ንቀን ምክሩን ጣልን።

በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪናው መንገድ አወጣነው፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እስከ አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ አደረሰን። ከጣቱ ደም ወስደው መረመሩ፤ ክሎሮኪን ሰጡት። የኔታ ገንዘቡን ከፈሉ፤ አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገሩንም፤ እሱ ነበር የከበደን። ሦስት ሌሊት ከአልጋው ሥር ተቀምጠን አደርን። በአንደኛው ሌሊት በላስታ አነጋገር እናቱን ሲጠራ፣ ቢሞት ለማን እንደምንልክ፣ የትኛው መንደር ብለን እንደምንጠይቅ እንኳ አለማወቃችንን ተረዳን። ስለ እኛም የሚያውቅ ሰው እንደ ሌለ ያን ጊዜ ታሰበን።

ልጁ ዳነ። ኋላም ቤተልሔም ገብቶ ድጓ አስመስክሯል። እኛ ከጤና ጣቢያው እንደ ወጣን ወረቀት ገዝተን፣ ይፋግ እንዳለን፣ ጤነኛ እንደ ሆንን፣ ይቅርታም እንደምንለምን ጽፈን ወደ ሞጣ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠነው።

መልስ ሳይመጣ ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ያው ሹፌር መኪናውን አቁሞ በስማችን አስጠራን፤ አንድ የተቋጠረ ነገርም አቀበለን። በውስጡ የሽምብራ ቆሎ፣ ትንሽ በርበሬና በእጅ የተፈተለ አዲስ ኩታ ነበረበት። ደብዳቤ ፈልገን ኩታውን ደጋግመን አራገፍነው። አልነበረም፤ እናታችን ፊደል አልቆጠሩም ነበርና።