አክስቴ እህል የተወችበት ዓመት

ምጥ የጠናባትን አክስቴን የገበዝ ማርያም ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አወረዳት። ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ግን ሕፃኑ ሞቷል። እሷ ተረፈች። ቤቷ በተመለሰች በጥቂት ቀን ውስጥ ሰገራዋ ያለ ፈቃዷ በብልቷ በኩል ይወርድ ጀመር።

ውኃ የማቀርብላት እኔ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። መጀመሪያ ማርያምን መሳለም ተወች፤ ቀጥሎ ገበያ መውጣት፤ በመጨረሻም እህል። ማታ ጥቂት ቆሎ ቆርጥማ ውኃ ትጎነጫለች፣ ያ ነው። «ካልበላሁ አልዋረድም፣ ልጄ» ትለኝ ነበር። ሰው ሐዘን የጎዳት መስሎታል፤ እርግማን ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ብቻ ረሃብ መሆኑን አውቃለሁ።

«ይሄ ፊስቱላ ነው፣ ይታከማል» ያለችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በቡሬና በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ወሰድናት። እዚያ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ነው፤ ዋናውን የአዲስ አበባውን ሆስፒታል ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1974 መሥርተውታል። ሕክምናው በነፃ ነው።

ነርሷ አስቀምጣ አስረዳቻት፤ ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፤ ደም ያጣው ገላ ሞቶ ሲረግፍ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ፊንጢጣ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይቀራል። አክስቴ ይህን ሰምታ «እርግማን አይደለማ!» ብላ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታዘዘላት መብላት ነበር፤ የከሳ ገላ ስፌት ቶሎ አይሽርለትም።

ቀዳዳው ተደፈነ። ፈስና ቀጭን ሰገራ ግን አሁንም ያመልጣት ነበር፤ የፊንጢጣዋ ጡንቻም ተጎድቷልና። ብዙ ሴቶች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ ሕክምናው ያልሠራ መስሏቸው። እሷ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻዋን እየቋጠረች መልቀቅን በየዕለቱ ተለማመደች። ከቁርስ በኋላ አንጀት ስለሚነቃቃ ያኔ ሽንት ቤት መቀመጥ ለመደች። ሆዷን የሚያላላውን ምግብ ለየች፤ ታጥባ፣ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች። በወራት ውስጥ ማምለጡ እየቀነሰ ሄደ።

ዳግም ስትፀንስ በታዘዘችው መሠረት ምጥ ሳይጀምራት ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። አሁን እርጉዝ ባየች ቁጥር «ወሩ ሲገባ ከተማ ውረጂ» ትላለች፤ አማቶች ቢቆጧትም ዝም አትልም።