ሰዓቷ ልብ ትቆጥራለች፣ ልብ ማለት ግን የእኛ ፈንታ ነው!

በአባቶቻችን ዘመን የእጅ ሰዓት ሥራው ሁለት ነበር፦ ጊዜ መቁጠርና እጅ ላይ ማማር። አሁን ሦስተኛ ሥራ ተጨምሮለታል፤ የልብ ምት ይቆጥራል! ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከለቡ ወደ ጀሞ፣ ከላፍቶ ወደ ሐና ማርያም እስቲ ብቅ በሉ። ቱታውን ለብሶ ሶምሶማ የሚለው ሁሉ በየመቶ ሜትሩ እጁን እያነሳ ያያል። ቀጠሮ የረፈደበት እንዳይመስላችሁ። «ልቤ ስንት ገባ?» እያለ ነው።

እኔም ሰዓቷን አስረው ከሚሮጡት አንዷ ነኝና ልከሳት አልመጣሁም። ሙያዋን መካድ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ሩጫ ሲባል እልህ አለበት። አንዱ ቀድሞን ካለፈ «ማን ስለሆነ ነው?» ብለን እንፈተለካለን፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎናችንን ይዘን እንቆማለን። በማግስቱ እግራችን አልነሳ ይላል፣ በሳምንቱ ሸራ ጫማችን አልጋ ሥር ይገባል። ሰዓቷ ግን እልህ የሚባል ነገር አታውቅም። ልብ ሲበዛበት «ቀስ በሉ» ትላለች። ጀማሪ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቀስ የሚያሰኘው ነው። ስመ ጥር ሯጮቻችንም ቢሆኑ ቀላል ልምምድ በሚሉት ቀን እየተጫወቱ ነው ሶምሶማ የሚሉት።

ለመሆኑ እንዴት ነው የምትቆጥረው? ከጀርባዋ የምትበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳን አልፋ ደም ላይ ታርፋለች። ልብ በመታ ቁጥር በእጃችን ውስጥ የሚያልፈው ደም ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም ከፍ ዝቅ ይላል። ሰዓቷ ያንን ቆጥራ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ትናገራለች። ታዲያ ላላ ተደርጋ ከታሰረች ወይም እጅ በብርድ ከደነዘዘ ልትዋሽ ትችላለች። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚለካ ይበልጥ ይታመናል። ሽቦ የሌለውን የልብ ምት መለኪያ ለስፖርተኞች በማቅረብ ከቀዳሚዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ነው። አበበ ቢቂላ ግን በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ገና 1960 ነበር። እጁ ላይ ልብ የሚቆጥር ሰዓት አልነበረም!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሰዓቷ ገና ስትከፈት ዕድሜያችንን ትጠይቃለች። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ስሌት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ የሚቀረው የልብ ጣሪያ ይባላል። የ28 ዓመት ሰው ጣሪያው 192 ነው። ከጣሪያው ከ50 እስከ 70 በመቶው፣ ማለትም ከ96 እስከ 134 ያለው፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ግን ይኼ ስሌት ለሁሉም በአንድ ልክ እንደተሰፋ ቱታ ነው፤ ለአንዱ ይጠበዋል፣ ለሌላው ይሰፋዋል። ከሰውየው እውነተኛ ጣሪያ በ10 ወይም በ12 ምት ቢለይ ምንም አይገርምም። በዚያ ላይ የምንሮጠው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ በሰፈራችን ዳገት ላይ ልቡ ከወትሮው ከፍ ብሎ ቢያገኘው አየሩ ስለሳሳበት ነው።

በሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። ዕድሜያቸው 58 ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው «አባዬ፣ ልብህን በዚህ ተከታተል» ብላ ሰዓት ላከችላቸው። እሳቸውም በየማለዳው የሰዓቷን ፊት በስልክ ፎቶ እያነሱ ይልኩላታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰዓቷ ለጠንካራ እንቅስቃሴ ከ113 እስከ 137 ያስፈልጋል ትላለች፤ የጋሼ ልብ ደግሞ 100 ላይ ደርሶ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዳገቱን ተያያዙት።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ጨከኑ?» ብላቸው፣

«ምን ላድርግ ልጄ! ቁጥሩ ዝቅ ካለ ልጅቷ ሐሳብ ይገባታል፣ እንቅልፍ ታጣለች» አሉኝ።

አንድ ቀን እዚያው ዳገት ላይ ዓይናቸው ጭልም አለባቸውና አጥር ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሰዓቷ ያን ጊዜም 104 ነበር የምትለው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ነገሩ ተገለጠ። የሚወስዱት ክኒን ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ልብን ረጋ ማድረግ ስለሆነ፣ ቢሮጡም ልብ እንደ ሌላው ሰው አይፈጥንም። «ቁጥሩ ያልሞላው ሰንፈው አይደለም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው» አሏቸው። ሰዓቷ ዕድሜያቸውን ነው እንጂ ክኒናቸውን አልጠየቀችም!

ሐኪሙ የሰጧቸው ምክር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፦ እየተራመዱ ያውሩ። ወሬው ሳይቆራረጥ ከሄደ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ለአንድ ቃል ትንፋሽ ካጠረ በዝቷል። ጋሼ አሁን ፎቶ መላኩን ትተዋል። ሜዳ ሜዳውን እየተራመዱ ለልጃቸው ይደውላሉ። «ወሬዬን ሳላቋርጥ ከሰማሽኝ ደህና ነኝ ማለት ነው» ይሏታል። እሷ ጋ መኝታ ሰዓት ነው፤ የአባቷን ድምፅ ሰምታ ትተኛለች።

ውድ አንባቢያን፣ ሰዓት ያላችሁ እሰሩ፣ የሌላችሁም አትቆጩ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ሁለት ጣት እጅ አንጓ ላይ አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ያረፈ ጎልማሳ ልብ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ የሠለጠነ ሯጭ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከወትሮው ከፍ ካለባችሁ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም ወይም ትኩሳት ሊሆን ይችላልና የዚያን ቀን ሩጫውን ቀለል አድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሰዓቷን ሳይሆን ሐኪማችሁን አስቀድሙ። «ይህን ክኒን እየወሰድኩ ልቤ ስንት ይድረስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረት ካመማችሁ፣ ራስ ካዞራችሁ፣ ትንፋሽ ከከለከላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ስንትም ይሁን ስንት ቁሙ፤ ወደ ሕክምናም ሂዱ። እቤት ያሉ አባትና እናት በቁጥር ሊያስደስቷችሁ ዳገት እንዳይወጡ፣ እስቲ ዛሬ ደውላችሁ «እንዴት አደራችሁ?» በሏቸው።

ቸር ይግጠመን!