ቲቸር፣ ምርጡ ሴቲንግ ስንት ነው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሕክምና ፊዚክስ ማስተርሱን እየተማረ ነው። «ቲቸር፣ የፔት ስካነር ምርጡ ሴቲንግ ስንት ነው?» አለኝ። «ዲክሲስ ሄደህ ገብስ ሲመረት እይ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

እኛ ቤት ገብሱ በበሬ ከተበራየ በኋላ አባባ መንሻቸውን ይዘው ነፋስ ይጠብቁ ነበር። ቶሎ ጀምረን ቶሎ እንድንጨርስ ስነዘንዛቸው ዝም ይላሉ። ነፋሱ ከበረታ ፍሬው ከገለባው ጋር ይሄዳል። ከደከመ ደግሞ ገለባው ከፍሬው ጋር ይወድቃል።

ፔትም እንደዚያው ነው። ታካሚው ፍሎሪን 18 የተያያዘበት ስኳር በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ስኳር በብዛት ስለሚስቡ እዚያ ይከማቻል። ከፍሎሪኑ የወጣው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ሲጠፋ ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሰውነት ውስጥ የተጋጨው ጨረር አቅጣጫውን ይስታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ገለባው እሱ ነው። በብዙ ዘመናዊ ማሽኖች ከ430 ገደማ በታች የሆነው አይቆጠርም። ወሰኑን ከፍ ብታደርገው ፍሬው ይሄድብሃል፤ ዝቅ ብታደርገው ገለባ ትሰበስባለህ።

«መድኃኒቱን እንጨምርና ምስሉ ይጥራ» የሚልም አለ። ማሽኑ በ4 ወይም በ5 ናኖ ሰከንድ ውስጥ የደረሱ ሁለት ጨረሮችን እንደ ጥንድ ይቆጥራል። መጠኑን እጥፍ ስታደርገው በአጋጣሚ የተገጣጠሙት ሐሰተኛ ጥንዶች ወደ አራት እጥፍ ይጠጋሉ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ባሕር ማዶ ሥራ እንደጀመርኩ ሐኪሞቹ ለስላሳ ምስል ይወዱ ስለነበር ማለስለሻውን ፊልተር ከፍ አደረግኩት። ሁሉም «እንዴት ያምራል!» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ከሳምንታት በኋላ የአንዲት እናት ምስል እንደገና እንዲታይ ተጠየቀ። ፊልተሩን ቀነስኩና ከጥሬው ዳታ አዲስ ምስል ሠራሁ። ሳንባዋ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቅ አለች። መጀመሪያም እዚያው ነበረች፤ ያለሰለስኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ያዳነን ጥሬው ዳታ አለመጥፋቱ ነው። በቀረጻው ሰዓት በጉልበት ወሰን የተጣለው ነፋስ የወሰደው ፍሬ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ፊልተሩ ግን ዳታው ካለ ደግመህ የምትሠራው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሴቲንግ የምመርጠው በውበት አይደለም። ለፍተሻ የሚያገለግል ደረት መሳይ ዕቃ አለ፤ ውስጡ ስድስት ኳሶች አሉት፤ ትልቁ 37፣ ትንሹ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ያችን የ10 ሚሊ ሜትሯን የቀበረ ሴቲንግ ምንም ቢያምር አልቀበለውም።

ተማሪዬ ቀጠለና «አንድ ቀን አሰላ ላይ ብንሠራበትስ?» አለኝ። እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። የፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሦስት ሰዓት ከፈጀ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ወይ ከአዲስ አበባ አብዝቶ መላክ ነው፣ ወይ ታካሚውን ማሽኑ ላይ ረዘም አድርጎ ማስተኛት። የአሰላው ሴቲንግ ገና ከመንገዱ ይጀምራል፤ ከባሕር ማዶ ተገልብጦ አይመጣም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ምርጡ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የምጥለው ምንድን ነው?» በሉ። ጥሬ ዳታም አታጥፉ።

አባባ እኮ ነፋስ ሲጠብቁ ሥራ የፈቱ ይመስለኝ ነበር።