ዳገት የሚገልጠው ጉድለት

ሜዳ ለሁሉ ቸር ነው። በሜዳ ላይ ብርቱውና ደካማው ጐን ለጐን ይሄዳሉ፤ ተመልካችም ሊለያቸው አይችልም። ዳገት ግን አያዳላም፤ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ብሎ ይናገራል። ስለዚህ የሰውም ሆነ የእንስሳ፣ ሰው በእጁ የሠራው መሣሪያም ቢሆን፣ እውነተኛ አቅሙ የሚታወቀው ዳገት ላይ ሲደርስ ነው። ይህ አነጋገር ለብዙዎች ተረት ይመስላቸው ይሆናል። እኔ ግን ለወጣት አንባቢዎቼ ይህን የምጽፈው በወሎ ተራራ ላይ በዓይኔ ካየሁት ከአንድ የመኪና ሞተር ተነሥቼ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ ተራራው አንድ ጊዜ ተወጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በኋላ፣ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ዋሻ የከፈቱበት ጣርማ በር አለ፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ይጀምርና 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ደሴ ያወጣል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሐይቅ ከተማ ይገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ በዚያ ነው። ከእርሱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለው ስፍራ፣ በተራሮች መካከል ተከቦ የተቀመጠው ውኃ አርዲቦ ይባላል።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሐይቅ ከተማ ሰንብቼ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አርዲቦ በሚያወጣው መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር። በመንገዱ ጥግ አንድ ትልቅ መኪና ቆሞ ከፊቱ እንፋሎት ሲትጐለጐል አየሁ። መኪናው አልጋና ምድጃ፣ ቁም ሣጥንና የውኃ በርሜል በውስጡ የያዘ፣ ባለቤቶቹ እንደ ቤት የሚያድሩበት ነው። ባለቤቶቹም ከሩቅ አገር የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ፊቱ ቀልቷል፤ ሚስቲቱ ሐይቁን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለማየት ጓጕታ ነበርና ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

ከከበቧቸው ልጆች አንዱ፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር ተማሪ፣ በቅን ልብ ሊረዳቸው ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠቀለለና የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጐንበስ አለ። ወዲያው ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ቆመና ጠጕሩ የሸበተ ሾፌር ዘሎ ወረደ።

«አንተ ልጅ፣ እጅህን መልስ!» ብሎ ጮኸበት።

«ውኃ ልጨምርለት ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ ተማሪው።

«ውኃው ቆይቶም ይጨመራል። ፊትህ ከተላጠ ግን በምን እንመልስልሃለን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ተጨቍኖ የሚኖር ውኃ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ስለሚይዘው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፎ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ጭቆናው ስለሚጠፋ በአንድ ቅጽበት ፈልቶ ወደ ላይ ይፈነዳል። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ፊቱና ደረቱ ተቃጥሏል! ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መንካት ነውር ነው፤ ጨርቅም አያድንም። እንዲሁም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስለዚህ ሾፌሩ ሞተሩን አስጠፋ፤ ለጎማውም ድንጋይ አስደገፈና በጥላ ሥር ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በዚህ መካከል ሾፌሩ ተማሪውን አስተርጓሚ አድርጎ ይጠይቅ ጀመር። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሞተሩ አካል አልነበረም።

«የሙቀት መለኪያው መርፌ ከዛሬ በፊት ወጥቶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቅልኝ» አለ።

እንግዳውም ጥቂት አመንትቶ መለሰ። በጣርማ በር ላይ መርፌው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቍልቍለቱ ሲጀመር ግን ተመለሰ። በሐረጎ ላይ ወደ ቀዩ ምልክት ተጠጋ፤ ደሴ ገብተው ሲያድሩም ተመለሰ። ሁለት ጊዜ በራሱ ስለ ተመለሰ ነገሩ የዳነ መስሎት ነበር።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና «የወረደው መርፌው ነው እንጂ በሽታው አይደለም» አለ።

ከዚያም ምርመራውን ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ አስኬደው። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፍቶ የውኃውን ልክ አየ። የጎማ ቧንቧዎቹን እየዳሰሰ የሚያፈስ መኖሩን ፈለገ። ማራገቢያውንና የውኃውን ፓምፕ የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ላልቷል፣ ጠርዙም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለ ቺንጋ ሞተሩ ሲከብደው ይንሸራተታልና ፓምፑና ማራገቢያው በሚያስፈልጉበት ሰዓት ይሰንፋሉ። ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት በመብራት አየ፤ አቧራ፣ የሣር ፍሬና የሞቱ ነፍሳት ወንፊቱን ደፍነውታል። በመጨረሻም ክዳኑን ገልብጦ አሳየን። የውስጡ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል።

«ታዲያ ጋሼ፣ በሜዳ ላይ ለምን አልፈላም?» ሲል ተማሪው ጠየቀ።

«በሜዳ ላይ ማን ጠየቀው?» አለ ሾፌሩ።

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ሲሶው ያህል ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል መውጣት ያለበት ሙቀት ነው። በዳገት ላይ ነጂው ነዳጅ ሲጨምር ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል፤ መኪናው ግን ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ፊቱን የሚመታው ነፋስ ያንሳል። በደሴ ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና የሚወስደው ሙቀት ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ፣ ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣን ቍጥር ክፍት ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው፣ በደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ደግሞ ጤነኛ ሞተር እንኳ ዘወትር የሚሠራበት ሙቀት ነው። እንግዲህ ክዳኑ ካልያዘ፣ ቺንጋው ከላላ፣ ወንፊቱ ከተደፈነ፣ ሦስት ትናንሽ ጉድለቶች ተባብረው አንድ ትልቅ መኪና ያቆማሉ። ተራራው ምንም አላጠፋም፤ ተራራው ያደረገው ቢኖር የተሸሸገውን መግለጥ ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነበረ። ልጆቹ በጀሪካን ውኃ አመጡ፤ ወንፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ታጠበ፤ ቺንጋው ተወጠረ፤ የጐደለውም ውኃ ጥቂት በጥቂት ተጨመረ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ በራዲያተሩ ውስጥ የአየር አረፋ ይንተከተክ እንደ ሆነ አየ፤ ዘይቱም ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጥቶ እንደ ሆነ መረመረ። ይህ ምልክት ታይቶ ቢሆን ኖሮ ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ ራስ ወይም ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ተጐድቷል ማለት ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሳምንት ይጠፋ ነበር። ደግነቱ አልታየም።

ሐይቁን ግን በዚያ ቀን አላዩትም። ሾፌሩ ወደ ከተማው መለሳቸውና፣ አዲስ ክዳን ከደሴ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ፣ በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ማለዳ በብርድ ወጡ። ለመታጠቢያ የተሸከሙትን ውኃ አብዛኛውን አፈሰሱት፤ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነውና። ማቀዝቀዣውን አጠፉ፤ በከባድ ማርሽ፣ ይኸውም በአንደኛና በሁለተኛ፣ ሳይቸኩሉ ሄዱ። ከባድ ማርሽ ሞተሩን ሳያስጨንቅ ፓምፑንና ማራገቢያውን በፍጥነት ያዞራልና። መርፌው ከፍ ቢል የመኪናውን ማሞቂያ እንዲከፍቱ፣ ሙቀቱ በመስኮት እንዲወጣ ነግሯቸው ነበር። ይህም ሳያስፈልግ አርዲቦ ደረሱ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ተመልከት። የመጀመሪያው መርፌው ወጥቶ እያየ የማይቆም ሰው ስሕተት ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ትጉ ነው። ነገር ግን መቆምን እንደ መሸነፍ ይቈጥረዋል። ሁለተኛው ደግሞ የሚቆም፣ ውኃ የሚጨምር፣ ነገር ግን ውኃው ለምን እንዳለቀ ሳይጠይቅ ጕዞውን የሚቀጥል ሰው ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ሞተሩን በአንድ ቀን ይገድለዋል፤ ሁለተኛው በየዳገቱ ጥቂት በጥቂት ይገድለዋል። ዕረፍት ብቻውን ፈውስ አይደለም፤ የዕረፍት ጥቅሙ ቀዝቅዞ ለመመርመር ጊዜ መስጠቱ ነው።

ይህ ነገር መኪና የማይነዳውንም ሰው ይመለከታል። በአውቶቡስ ስትጓዝ ሾፌሩ በዳገት ላይ መርፌውን አይቶ ቢቆም፣ ከመንገደኞች መካከል «ምን ያቆመዋል? ንዳው እንጂ!» የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ አንተ ከሚጮኹት ጋር አትጩኽ። ያ ሾፌር የብዙ ሰው ሕይወት በእጁ ይዟል፤ ጩኸቱም ከልኩ በላይ ሊያስነዳው ይችላል። ለማቆም የደፈረውን ሰው የሚያሳፍር ሕዝብ፣ የማይቆሙ ሾፌሮችን ያፈራል።

በወሎ ተራሮች ላይ ከባድ ነገር ሲወጣ ያ መኪና የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የወጣው በሰው ጉልበት እየተጐተተ፣ ከፊቱም መንገድ እየተጠረገለት ነበር፤ ጕዞውም ወራት ፈጀ። በበሽሎ ገደል ወርዶ እንደገና ወጣ፤ ዛሬም በመቅደላ ላይ ይገኛል። የዚያ ጦርነት ፍጻሜ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን ይህን ብቻ ነው፤ ክብደት ዳገትን የሚያሸንፈው በችኰላ ሳይሆን አስቀድሞ በተጠረገ መንገድና በተመጠነ ርምጃ ነው።

ሰውም የሙቀት መለኪያ በውስጡ አለው። እንቅልፍ ሲያጥረን፣ በትንሽ ነገር ስንቈጣ፣ ብድርን በሌላ ብድር ስንከፍል፣ ለፈተና ሳንዘጋጅ ነገ አለ ስንል፣ መርፌው ከፍ ማለቱ ነው። በማግሥቱ ነገሩ ቀለል ብሎ እናገኘዋለን፤ በዚያም ተደስተን እንረሳዋለን። ሆኖም የሚቀጥለው ዳገት ይመጣል፤ በሽታ፣ የሥራ ማጣት፣ የዘመድ ሞት፣ ወይም ከባድ ኀላፊነት። ያን ጊዜ «ይህ መከራ አበላሸኝ» እንላለን። እውነቱ ግን የላላው ቺንጋ ቀድሞም ላልቶ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠል ጥቂት ነገር ነው፤ በጊዜው ከተያዘ ግን እጅን ያድናል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ሳለህ፣ ማንም ሳያስገድድህ፣ ወንፊትህን እጠብ፤ ቺንጋህን ወጥር፤ ክዳንህን መርምር። መርፌው ሲወጣም ሰው ምን ይለኛል ሳትል ቁም፤ እስኪበርድ ታገሥ፤ ምክንያቱን ከቀላሉ ጀምረህ ፈልግ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ውጣ። ቆሞ የመረመረ ሰው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቢሆንም ይደርሳል።