የፊተኛዋ ነጠላ

ቡሬ፣ ጳጉሜን 5 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ቋንጃሽ ሻል አለው? ዝናቡ ዘንድሮ እስከ ሩፋኤል አልለቀቀንም። የሰፈሩ ልጆች የጳጉሜን 3 ጠበል እንዳያመልጣቸው ልብሳቸውን ጥለው ዝናብ ውስጥ ሲራወጡ ዋሉ። እናትሽ ለነገ ዳቦ እያቦካች ነው። አያትሽ እማሆይም ጉልበታቸውን ቢያማቸውም በሌሊት ወንዝ ወርደው ተጠምቀው ተመልሰዋል። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው «ምን እያልክ ነው የምትጽፍላት?» እያሉ ይነዘንዙኛል።

ባለፈው ስትደውዪ «አባባ፣ ድፍረቴ አለቀ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ለውድድሩ ሳትመረጪ መቅረትሽ ሳይሆን አነጋገርሽ ነው ያስደነገጠኝ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ «አይዞሽ» ብቻ አልኩሽና መስመሩ ተቋረጠ። ባዶ አይዞሽ እንደ ባዶ አገልግል ነው፤ ትሸከሚዋለሽ እንጂ አያጠግብሽም። ዛሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ስንቁን በወረቀት እልክልሻለሁ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በዛሬዋ ቀን ነው፤ በ1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሳስተምር በነበረ ጊዜ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነበር፤ በባዶ እግሩ መሮጡን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መግባቱን። ጡረታ ወጥቼ ካርታዬን ዘርግቼ መዋል ስጀምር ነው ሌላው የታየኝ። አበበ ወደ ማብቂያው የሮጠበት መንገድ አፒያ ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ድንጋይ ያነጠፉት ጥንታዊ ጎዳና ነው። ጨለማ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ዳሩን ቆመው ነበር። ያኔ ገና ሮም በነበረው፣ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት በኩል አልፎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሰ።

ልጄ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ሮም የገባው በዚያው መንገድ ነው፤ እስረኛ ሆኖ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ገልጠሽ እዪው። መርከቡ ተሰብሮ፣ በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር ከርሞ፣ ሊፈረድበት ወደ ቄሳር ከተማ ሲወሰድ በሮም ያሉ ክርስቲያኖች ወሬውን ሰሙ። አንዳንዶቹ እስከ አፍዩስ ፋሩስ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ይህ ቦታ ከከተማው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከአንቺ ማራቶን ይበልጣል። እነሱን ሲያይ አምላኩን እንዳመሰገነና ልቡ እንደበረታ ሉቃስ ጽፎልናል። ይህን ስንት ዓመት ሙሉ አነብበው ነበር፤ ልብ ያልኩት አሁን ነው። ልቡ በረታ ከተባለ ከዚያ በፊት ዝሎ ነበር ማለት ነው። ያን ያህል ግርፋትና ማዕበል የቻለ ሐዋርያም ድፍረት ሊያልቅበት ይችላል። የተሞላለትም መንገድ ላይ፣ ሊቀበሉት የወጡ ሰዎችን ሲያይ ነው።

አንቺንም ለመቀበል የወጡ አሉ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5,000ው ግን በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ አመለጠው። በ1968 የአፍሪካ አገሮች የደቡብ አፍሪካን ዘረኝነት ተቃውመው ከሞንትሪያል ሲቀሩ እሱም አብሮ ቀረ። በ1972 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ይዞ ገባ። መሠረት ደፋር ደግሞ በ1996 አቴንስ ላይ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፣ በ2000 ቤጂንግ ላይ ሦስተኛ ሆና ገባች፣ በ2004 ለንደን ላይ ወርቋን መለሰች። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ፤ ሻይ ቤቱ ሞልቶ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ አይተሻል። ነሐሴ 4 ነበር፣ በፍልሰታ ጾም። ከማሊያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሰው ጸጥ አለ። «አባባ፣ አሸንፋ ለምን ታለቅሳለች?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ ያልመለስኩልሽን አሁን ልመልስልሽ፤ የምታለቅሰው ስለዚያ ስምንት ዓመት ነው።

ወርቅ ይመጣልሻል ብዬ ግን አልዋሽሽም። በዚያች የሮም ሌሊት አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊም ሮጧል፤ ሰባተኛ ወጣ። የሮጠው በዚያው በጳውሎስ መንገድ ነው፤ ሰባተኛ ለወጣ ሰው መንገዱ አላጠረለትም። አበበ ቢቂላም ቢሆን በ1961 በመኪና አደጋ እግሩ ከከዳው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እማሆይ ጉልበታቸው ሳይደክም በየዓመቱ ጥር 13 ለአቡነ ዘርአ ብሩክ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ይሄዱ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት እስር በኋላ ውኃው ሳይነካቸው መልሰው የተቀበሉበት ነው ይባላል። እማሆይ የሚሄዱት በባዶ እግራቸው ነበር፤ ስለት ነው። ልጅ ሳለሁ ሲመለሱ እግራቸውን በለብ ያለ ውኃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። የተረከዛቸው ንቃቃት አፈር ጠጥቶ ጥቁር መስመር ሠርቷል። አንድ ዓመት ከውስጥ እግራቸው የግራር እሾህ በወረንጦ ሳወጣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸው ግን ሽንብራ ይቆረጥማሉ። «በዚያ ጨለማ፣ ይህ እሾህ እግርሽ ውስጥ እያለ እንዴት ሄድሽ?» አልኳቸው። ያኔ ገና አልመነኮሱም፣ አንቺ ነበር የምላቸው።

«የፊተኛዋን ነጠላ እያየሁ» አሉኝ።

በሌሊት ጉዞ መንገዱ አይታይም። የሚታየው ከፊት የምትሄደው ሴት ነጠላ ብቻ ነው፣ ነጭ ሆኖ። እሷ ከወረደች ቁልቁለት ነው፤ ከቆመች ውኃ አለ። እሷም በተራዋ ከፊቷ ያለችውን ታያለች።

ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ያልገባኝ ነገር በዚያች ቃል ውስጥ ነበር። ያለፈውን «በፊት» እንላለን፤ የቀደሙትን «ፊተኞች» እንላለን። ቋንቋችን አባቶችንና እናቶችን ከኋላችን አላስቀመጣቸውም፣ ከፊታችን ነው ያስቀመጣቸው። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክትም ምዕራፍ 11 የፊተኞቹን ስም ሲቆጥር ይውላል፤ ስለ ሩጫ የሚናገረው ከዚያ በኋላ፣ በ12ኛው ነው። ስለዚህ ድፍረቴ አለቀ ስትዪ ከራስሽ ውስጥ ቆፍረሽ ልታወጪ አትድከሚ። ቀና በይና ነጠላዋን ፈልጊ። ቋንጃሽ እስኪድን ሐኪሙ ያለሽን ስሚ፤ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ያሸነፈውን አበበን እንኳ በዚህ አትምሰይው።

አንድ ወሬ ልጨምርልሽና ላብቃ። ማለዳ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው አስፋልት በኩል ስወጣ ሦስት ሴት ልጆች ሲሮጡ አያለሁ። አንዷ፣ እናትሽ ለጎረቤት የሰጠችውን ያንቺን አሮጌ ቱታ ለብሳለች፤ እግሩ ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ትናንት አስቁማኝ «ጋሼ፣ እሷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። የተዘጋው መንገድ ሲከፈት አልኳት። በዚያው አስፋልት ላይ ያለችው የፍኖተ ሰላም ከተማ ስም በግዕዝ የሰላም ጎዳና ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ጎዳናችንን ሁሉ እንደ ስሟ ያድርግልን።

እማሆይ መስቀላቸውን አስነክተው ይህን ወረቀት ባርከውታል። ጥጉ ላይ ያለው ቅባት ከእጃቸው ነው፤ ሽንብራ እየቆሉ ነበር።

እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ።

ወዳጅሽ፣ አባትሽ