ርእሰ መምህሩ የተሳሳቱ ዕለት

የምሠራው ፉሪ ውስጥ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ከመስኮቴ ፊት ከሚሰለፉት ደንበኞች መካከል ከሩቅ የምለያቸው አሉ፤ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን። ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ለጣምራ ፊርማ ይመጣሉ። በብብታቸው ማኅተም የያዘ ቦርሳ፣ በእጃቸው የደረሰኝ ክምር አለ። ተራ እስኪደርሳቸው ስልካቸው አያርፍም፤ ቧንቧ ፈነዳ፣ ከክፍለ ከተማ ሰው መጣ፣ ሪፖርቱ ለዛሬ ይፈለጋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን አንዳቸውም በስልክ «ልጆቹ ዛሬ ምን ተማሩ?» ብለው ሲጠይቁ አልሰማሁም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። እነርሱንም ማንም አልጠየቃቸውማ።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ እኔም ከመስኮቱ ማዶ ተቀመጥሁ፤ እንደ ወላጅ። አጀንዳው አጥር፣ የደንብ ልብስና የመዋጮ ጉዳይ ነበር። በመካከል አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። «ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የዘይት ጀሪካን ሰጥቼ ‹ምን ይላል?› ብላት ማንበብ አቃታት። እኔ አልተማርኩም፤ ምን ላድርግላት?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ርእሰ መምህሩ «አስተያየቱን ይዘነዋል» ብለው ወደ አጥሩ ተመለሱ።

እኔስ? ግጥም እጽፋለሁ የምለው ሰው፣ ስለ ፊደል ክብር በየመድረኩ የማወራው ሰው፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም አልሁ። ልጄ እዚያው ይማራልና ቂም እንዳይያዝበት ፈራሁ። ሴትዮዋ ሲቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ያ ሁኔታ እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

ውድ አንባቢ፣ ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ስለ ፈተናው፣ ስለ ተማሪው፣ ስለ መምህሩ እንከራከራለን። የዚያች እናት ጥያቄ ግን ከፈተናው ስምንት ዓመት ቀድሞ የተጠየቀ ነበር። መልስ ያጣው ያኔ ነው።

ስለ ትምህርት ባህል ሳስብ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የነበሩት ርእሰ መምህራችን ፊቴ ላይ ይመጣሉ። ቢሮ የነበራቸው ቢሆንም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን ስለ ግጥም ቤቶች ሲነግሩን፣ ሰንጎ መገን ስድስት ስድስት ቀለም ነው አሉ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ስቆጥር አምስት አምስት ሆነብኝ። ደጋግሜ ቆጠርሁ። እጄን አወጣሁና እየተንቀጠቀጥሁ ነገርኋቸው። እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው «አይቼ እነግራችኋለሁ» አሉና ወጡ። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ወላጅ አምጣ የምባል መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ፣ ማሳሰቢያ ሊነግሩን ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ እንዲህ አሉ፦ «ትናንት ለሰባተኛ ‹ለ› ያስተማርሁት ስሕተት ነበር። ስድስት ስድስት የሆነው ወል ቤት ነው። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ቆጥሮ ያረመኝ ተማሪ አለ፤ አመሰግነዋለሁ።» ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ጠዋት በኋላ በዚያ ግቢ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። የሒሳብ መምህራችን «እስቲ እኔንም አርሙኝ» እያሉ መቀለድ ጀመሩ። ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች እጅ አወጡ። በዕረፍት ሰዓት ዘፈን ብቻ ይለቅ የነበረው ሚኒ ሚዲያ የተማሪ ግጥም ማንበብ ያዘ። አዲስ ሕንጻ አልተሠራም፤ በጀትም አልመጣም።

እስቲ ስሙን ራሱን እናጢነው። ግእዙ «ርእሰ መምህር» ሲል የመምህር ራስ ማለቱ ነው፤ የአጥር ራስ፣ የማኅተም ራስ አላለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ወደ ቅኔ ቆጠራ ይወጣል፤ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ በመምህሩ ፊት ይናገራል፣ ይታረማል። የበሰሉት ለጀማሪዎቹ ያስነግራሉ። የዚያን ዘመን ዱላና ረኀብ አልናፍቅም። ነገር ግን መታረም በዚያ ውርደት አልነበረም፤ መማር ማለት ራሱ መታረም ነበር። መምህሩም ከመቀኘት አያርፉም፤ ተማሪው የሚቀዳው ከዚሁ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየትምህርት ቤቱ የተተከለው የማሻሻያ መርሐ ግብርም አመራርን ከአራቱ ዐበይት ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ወረቀቱ አልጎደለንም። የጎደለን ርእሰ መምህሩ በሳምንት አንዴ እንኳ ደብተር ይዘው ከክፍል ኋላ ቢቀመጡ፣ ለመቅጣት ሳይሆን ከመምህሩ ጋር ሊነጋገሩበት ቢጽፉ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከመሳቢያ ወጥቶ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ ቢሰጥ ነው። የወላጆች ስብሰባ ከአጥር በፊት «ልጆቻችሁ ምን ያህል ያነባሉ?» በሚል ቢከፈት ነው። ለዚህ ደግሞ የበላዮቻቸው ሪፖርቱን ቀንሰው ጊዜያቸውን ሊመልሱላቸው ይገባል።

ባለፈው ማክሰኞ ያ የልጄ ርእሰ መምህር መስኮቴ ጋር መጡ። ፊርማቸውን አመሳክሬ፣ ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ። ከዚያም ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «መምህር» አልኋቸው። ቀና አሉ፤ ሰው እንዲህ ከጠራቸው የቆየ ይመስላል። «የዚያን ቀን የጠየቁት እናት፣ የጀሪካኑ ነገር፤ እኔም መደገፍ ሲገባኝ ዝም ብዬ ነበር። ጥያቄው የእኔም ነው» አልኋቸው።

ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ክፍል ገብቼ ካስተማርሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ወንድሜ» አሉ በቀስታ። ሌላ ደንበኛ ከኋላቸው ቆሞ ነበርና ወጡ። ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኔ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ከዚያች እናት አጠገብ እቀመጣለሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለድሮው ርእሰ መምህሬ ይህችን ጻፍሁ። ወል ቤት ናት፤ ስድስት ስድስት። ቆጥሬያታለሁ።

ቁጥሩን የሳተ ለት፣ ስሕተቱን ያመነ፣
ለእኔ መምህሬ፣ ያን ቀን ነው የሆነ።