መጀመሪያ ሰላምታውን

ፓሪስ ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ አርባ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ጽፌ እየሸመደድኩ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ለሚኖሩት አጎቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሥራው በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበር ቋንቋውን ከባቡሩ ጋር ነው የተማሩት። «አርባውን ተይውና መጀመሪያ ሰላምታውን አጥብቂ» አሉኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ጋሼ ደጋግመው የሚሉት ሌላም ነገር ነበር፦ «ፈረንሳይኛ ታውቂያለሽ፤ ማወቅሽን ነው የማታውቂው።» ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ሲገባ ቃላትም ይዞ ነው የገባው። ለገሃር ማለት «ላ ጋር»፣ ጣቢያው፣ ማለት ነው። ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቴምብርም ፈረንሳይኛ ናቸው። እናቴ ዳንቴል ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ግን በዚያ ሳምንት ነው።

ፓሪስ በገባሁ ማግስት ዳቦ ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ በልቤ ስደግመው የቆየሁትን «ዩን ባጌት፣ ሲል ቩ ፕሌ» አልኩ። ሻጯ ዳቦውን ሳታነሣ አየችኝና ረጋ ብላ «ቦንዡር» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ከፊቴ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እኮ አንድ በአንድ «ቦንዡር» እያለ ነበር! አገሬ ላይ መንገድ የምጠይቃቸውን ሽማግሌ «እንደምን አደሩ» ሳልል አፌን አልከፍትም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቃሉ እንዳይጠፋብኝ ስፈራ ግን ሴትየዋን ዘልዬ ወደ ዳቦው ሮጥኩ። ለጉዞ ቋንቋ የሚያጠና ሰው ሁሉ ይህን ፍርሃት እንዲያስብበት እፈልጋለሁ፤ ስንፈራ መጀመሪያ የምንጥለው ሰላምታውን ነው።

«ቩ» እና «ቱ» ለእኛ አይከብዱም፤ እርስዎ እና አንተ አሉን። ልዩነቱ፣ እዚያ የማላውቀውን የሃያ ዓመት አስተናጋጅም «ቩ» ማለት አለብኝ። የከበደኝ መስማቱ ነው። የሸመደድኩትን ጥያቄ ስጠይቅ ያልሸመደድኩት መልስ ይመጣል። በተለይ ቁጥር! ሰባ «ስልሳ አስር» ነው፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና ሰባት ደግሞ «አራት ሃያ አስራ ሰባት»። ስለዚህ ከአርባው ዓረፍተ ነገር ሁሉ የጠቀመኝ «ፕሉ ላንትማን፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ የሚለው ሆነ። ምግብ ቤት ደግሞ «ዩን ካራፍ ዶ» በሉ፤ የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያ ያቀርቡላችኋል፣ ሒሳብ የለውም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ትልቁ የሰዓት ማማ ሥር ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

«የት ነሽ ልጄ?»

«ለገሃር ነኝ፣ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣት ሆኖ «ላኬል?» አሉኝ፤ የትኛው?

«ጋር ደ ልዮን።»